ጃንዋሪ ዋን የተወለድን ሰዎች

ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ አመሉ ግን አልለቀቀኝም። በቀደም ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ገና በሩን ስገፋ ሰዓቴን አየሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ እስክታየኝ ስንት ደቂቃ ፈጀባት? ተቀመጪ አለችኝ ወይስ አላለችኝም? ከእኔ በኋላ ለገባው ሰውዬ ውሃ ስትሰጠው ለእኔስ ሰጥታኛለች? ሰጥታኛለች፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ። ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ እስክሪብቶ ስፈልግ ራሴን ያዝኩትና ብቻዬን ሳቅሁ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ማለት ይኼ ነው።

ሥራዬ ይኸው ነበር። በዳላስና በፎርት ዋርዝ ዙሪያ ቤት ሊከራይ ሄዶ «የለንም» የተባለ ሰው ወደ እኛ ቢሮ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ቤቱ እውነት የለ እንደሆነ አጣራለሁ። ሰውዬው የተባረረው በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ፣ በመጣበት አገር፣ በጾታው፣ ልጆች ስላሉት ወይም በአካል ጉዳቱ ከሆነ ሕግ ተጥሷል። ሰባት ናቸው፤ በአንድ እጅ አምስት፣ በሌላው ሁለት። እንዲህ በጣት መቁጠር ያስተማሩኝ ሚስ ኦፓል ናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም ይባላል፤ እኔ ግን እሳቸውን በልቤ አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በጓሮ በር ነው። መጀመሪያ ኧርቪንግ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ሲፈታ እዚያው አካባቢ አንድ የአፓርታማ ግቢ ሊዚንግ ኦፊስ፣ ማለትም ቤት የሚያከራየው ቢሮ፣ ቀጠረኝ። አለቃዬ ዓርብ ዓርብ ዶናት ይዞልን የሚመጣ፣ የልጆቻችንን ስም የሚያውቅ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ሁለት መሳቢያ አለው። ማመልከቻ ሲመጣ አንዳንዱን ላይኛው ውስጥ፣ አንዳንዱን ታችኛው ውስጥ ያስገባል፤ ስለ ታችኛው ስጠይቀው «ጊዜ ሲኖረን እናየዋለን» ይለኛል። የታችኛው መሳቢያ ሞልቶ አልዘጋ እስኪል ድረስ ነገሩ አልገባኝም።

አንድ ቀን እሱ ምሳ እንደወጣ አንዲት ጥቁር ሴት ገቡ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሰማያዊ ኮታቸው ዛሬ የተተኮሰ። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ፈልገው ነው። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ቤቱን አሳየኋቸው፣ ነገ ይመለሱ አልኳቸው። በነጋታው ሲመለሱ አለቃዬ ቢሮው ነበር። በጣም ፈገግ ብሎ «ያሳዝናል፣ ትናንት ማታ ተከራየ» አላቸው። እኔ ደግሞ የረሳ መስሎኝ፣ ልርዳው ብዬ ከግድግዳው ላይ ቁልፉን አንስቼ «አልተከራየም፣ ይኸው» አልኩ። አለቃዬ እንደ ቲማቲም ቀላ። ሴትዮዋ ቁልፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አመስግነው ወጡ። ዓርብ ዕለት ከሥራ ተባረርኩ፤ ዶናቱን ግን በልቼ ነው የወጣሁት።

ሴትዮዋ ሚስ ኦፓል ነበሩ። ቤት ፈላጊ መስለው የሚፈትሹ፣ መጀመሪያ የነገርኳችሁ ቢሮ ሠራተኛ ናቸው። በሳምንቱ ደወሉልኝና መጀመሪያ ምስክር አደረጉኝ፣ ቀጥሎ ሥራ ሰጡኝ። ደሞዙ ከሆቴሉ ብዙም አይሻልም ነበር፤ አልተከራከርኩም።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ይመርጣሉ፤ አንዱ አበሻ ወይም ጥቁር ወይም ልጅ ያዘለች፣ ሌላው ነጭ። ገቢያቸውን፣ የሥራ ዘመናቸውን፣ ጫማቸውን ሳይቀር ያመሳስላሉ። «በጫማ ምክንያት ነው እንዳይሉን» ይላሉ። ሁለቱን በየተራ ወደ አንድ ግቢ ይልካሉ። የተላከው ሰው ከወጣ በኋላ የመኪናውን ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ያየውን መጻፍ አለበት፤ «መኪና ሲንቀሳቀስ ትዝታም ይንቀሳቀሳል» የሚል እምነት ነበራቸው። ሁለቱ ፈታሾች እርስ በርስ እንዳያወሩ ደግሞ በተለያየ ቀን ነው ቢሮ የሚጠሯቸው። የመጀመሪያ ሪፖርቴን ሳመጣ ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው «በንቀት አየችኝ» ያልኩትን ሰረዙት።

«ንቀት የት አየሽ?»

«ፊቷ ላይ።»

«ፊቷ ምን አደረገ?»

«ከስልኳ ላይ ቀና ሳትል አናገረችኝ።»

«እሱን ጻፊ። ንቀቱን ዳኛው ራሱ ያገኘዋል።»

ሌላው ልማዳቸው የእምቢታ ደብዳቤን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ነው። ላይኛው መስመር ሁልጊዜ «እናመሰግናለን» ነው የሚለው፤ እውነቱ ከታች በደቃቅ ፊደል ይቀመጣል። እኔም እስከ ዛሬ የመብራት ቢል እንኳ ሲመጣልኝ ከታች ነው የምጀምረው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሙሉ መጀመሪያ ቢሮዬ የመጣችው ሐሙስ ቀን ነበር። ሐሙስ ለመሆኑ ለምን እርግጠኛ እንደሆንኩ መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። ሙሉ ተስፋዬ ትባላለች፤ ያኔ ከአዲስ አበባ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ኤርፖርቱ ውስጥ የአውሮፕላን ምግብ የምታሽግ ልጅ። መኪና የላትም። ሳክሲ የምትባል ከተማ፣ የአክስቷ ልጅ ሳሎን ውስጥ እየተኛች፣ ሥራዋ ጎህ ሳይቀድ ስለሚጀምር በየቀኑ የሰው መኪና ትለምናለች። ኧርቪንግ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው በእግር የሚደረስ አንድ ክፍል ቤት አግኝታ ማመልከቻውን እንድሞላላት ነው የመጣችው። እኔ ሥራውን ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ወሬ ነው፤ ግን ሁሉን አውቃለሁ።

«መቼ ነው የተወለድሽው?» አልኳት።

«ወረቀቴ ላይ ጃንዋሪ ዋን ይላል።»

«እሱን አይደለም። እናትሽ የሚያውቁትን።»

«እሱማ ለገብርኤል ነው፣ ለታኅሣሡ።»

እርሳስ አወጣሁ። ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝን ወደ ፈረንጅ መልሼ ዲሴምበር ሃያ ስምንት ብዬ ስደርስ በራሴ ኮራሁ። የስደተኛ ካምፕና የቪዛ ጸሐፊዎች ቀኑን የማያውቅ ሰው ሲገጥማቸው ጃንዋሪ ዋን ብለው እንደሚሞሉ አውቃለሁ፤ የእኔም ወረቀት ያው ነው። ታዲያ ይቺ ልጅ ትክክለኛ ቀኗን እያወቀች ለምን በውሸት ትኑር? «እውነቱን እንጻፍ» አልኳት። «እዚህ አገር ውሸት አይወዱም።»

ሙሉ መታወቂያዋን አየች። እኔን አየች። ቀስ ብላ «እርስዎ ያውቃሉ» አለች።

እዚህ ቃል ላይ ልቁም። እርስዎ ያውቃሉ ማለት ተስማማሁ ማለት አይደለም። ትልቅ ሰው ሲሳሳት ታናሽ የሚናገረው ነው። ልክ አይደሉም፣ ግን እኔ ማን ነኝና ልናገር ማለት ነው። በዚህ ቋንቋ አድጌ፣ በዚህ ቋንቋ ስንት ጊዜ ራሴ ብዬው፣ ሲባልልኝ ሳልሰማው ቀረሁ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ላክሁት።

መልሱ በአምስተኛው ቀን መጣ። የልደት ቀኑ ከመታወቂያው ጋር ስላልገጠመ ማንነቷ ሊረጋገጥ አልቻለም። እስክናስተካክል ቤቱ ለሌላ ሰው ሄደ። የባቡሩ ጣቢያ አጠገብ ሌላ ቤት አልተገኘም፤ ሙሉ ድፍን ሁለት ዓመት እዚያው ሳሎን ተኛች። ልነግራት ስደውል እንኳ «ምን ያድርጉ እትዬ ጽጌ፣ እግዜር አላለውም» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ስልኩን ዘግቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሚስ ኦፓል አላባበሉኝም። «ሞልተሽ አነበብሽላት?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። «እሷስ ላንቺ አነበበችልሽ?» አላነበበችልኝም አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ባለጉዳዩ ጮክ ብሎ ለእኛ ያነባል፤ ማንበብ ካልቻለ በራሱ አፍ መልሶ ይነግረናል። ያ የቢሮው ሕግ ሆነ። ቅጣቴ ደግሞ ስለ ራሴ ጥፋት ሪፖርት መጻፍ ነበር። «በሚያሳዝን ሁኔታ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሰረዙት። «በቅን ልቦና» አልኩ፤ ሰረዙት። በአራተኛው «የልደት ቀኗን ያለ ፈቃዷ ቀየርኩ። ቤቱን አጣች» የሚል ሁለት መስመር ቀረኝ። ወረቀቱን እስከ ጡረታዬ ድረስ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ላይኛው ውስጥ።

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። ፍሪስኮ ውስጥ ልጆች ያሏትን እናት ከመዋኛው ራቅ ወዳለው ሕንፃ ብቻ የሚመራ ግቢ አገኘን፤ ዓይነ ስውር ተከራይ መሪ ውሻውን ይዞ እንዲገባ ያስደረግንበት ቀን ቢሮው ውስጥ ውሻውም ሰውም እኩል ጨፈረ። የተሸነፍንበትም ብዙ ነው። ከዚያ የሥራው መልክ ተለወጠ። ድሮ ሰው ፊት ለፊትህ ቆሞ ይዋሽሃል፤ ቢያንስ ፊቱን ታያለህ። አሁን ማመልከቻው በስልክ ይላካል፣ አንድ አጣሪ ድርጅት በኮምፒውተር ይመረምረዋል፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ይመልሳል። የሊዚንግ ኦፊሷ ልጅ «እኔ አይደለሁም፣ ሲስተሙ ነው» ትልሃለች፤ እውነቷንም ነው። ሚስ ኦፓልም ጡረታ ወጡ። እኔም ለመውጣት ቀን መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ያኔ ነው ሙሉ የተመለሰችው። አሁን ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት፤ የራሷ መኪና አላት፤ ጋርላንድ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ሊፍት የለውም። እናቷ እማማ ድንቄ ጉልበታቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ ለሐኪም ቀጠሮ በጎረቤት ሸክም ካልሆነ ወርደው አያውቁም። መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ።

«ከዚህ ሆኜ የማየው አናት ብቻ ነው» አሉኝ ልጠይቃቸው ስሄድ። «አገሩ በሙሉ መላጣ ነው ልጄ።»

ሙሉ ሳክሲ ውስጥ ምድር ቤት፣ በሩ ቀጥታ ወደ ሣሩ የሚከፈት ቤት አግኝታ ነበር። አመለከተች።

«ሶ፣ ዲናይ አደረጉኝ፣ ከለከሉኝ እትዬ ጽጌ» አለች። «ኢቪክሽን አለብሽ ነው የሚሉት። ማለቴ፣ በፍርድ ቤት ከቤት ተባርረሻል። እኔ በሕይወቴ ተባርሬ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁን ኮል አደረግኩት፣ ኦኬ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ይዤልሽ እቆያለሁ አለኝ።»

ሦስት ሳምንት አለን ማለት ነው። ደብዳቤውን ከታች ጀመርኩ። በደቃቁ ፊደል የአጣሪው ድርጅት ስም ነበር፤ የያዙባትን ፋይል እንዲልኩ ጠየቅን፤ ሕጉም ያስገድዳቸዋል። ሲመጣ ሙሉ ረግጣው በማታውቅ ሌላ ስቴት ውስጥ ከቤቷ የተባረረች ሴት መዝገብ ነው። ስሟ ሙሉ ተስፋዬ። የተወለደችው ጃንዋሪ ዋን። ኮምፒውተሩ ያመሳሰለው ስምና የልደት ቀን ብቻ ነበር።

ፋይሉን ይዤ ወደ ናኦሚ ሄድኩ። ናኦሚ የቢሮው ወጣት ጠበቃ ናት፤ ወላጆቿ አበሾች ናቸው፣ እሷ ግን ፍሪስኮ ነው ያደገችው። አማርኛዋ እየዘለለ ይሄዳል፣ አእምሮዋ ግን አይዘልም።

«እትዬ ጽጌ፣ ይሄ ሚስቴክ ብቻ አይደለም» አለች። «ሌላ አገር ሰዎች፣ ማለቴ አሜሪካኖች፣ ሁሉ በአንድ ቀን አይወለድም። የእኛ ሰው ይወለዳል። ሶ፣ ይሄ ኮምፒውተር የእኛ ሰው ላይ ብዙ ይሳሳታል። ይሄ ናሽናል ኦሪጅን ነው።»

የትውልድ አገር ማለቷ ነው፤ በጣቴ ስቆጥር አራተኛው። ግን እንዴት እናሳይ? ለሚስ ኦፓል ደወልኩ። ሰማንያን አልፈዋል፣ ድምፃቸው ግን ያው ቀይ እስክሪብቶ ነው።

«ስለ ኮምፒውተር አላውቅም» አሉ። «ስለ ታችኛው መሳቢያ ግን አውቃለሁ። ውስጡ ማን ማን አለ?»

በማግስቱ ቅዳሜ ጋርላንድ አንድ አዳራሽ ውስጥ የመረዳጃ እድር ስብሰባ ነበር። ዕድል ለምኜ መድረኩ ላይ ወጣሁና «ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ ዋን የተወለደ እጁን ያውጣ» አልኩ። መጀመሪያ ሰው ተያየ፤ ኢሚግሬሽን የላከኝ መስሏቸው ነው። ከዚያ የኤርፖርት ሹፌር የሆነው በላይ ከኋላ ተነሣ።

«እኔ አለሁ። ሚስቴም አለች። ወንድሜ፣ ኦኬ፣ አማቴም አሉ።»

«መንትዮች ናችሁ?» አለው አንዱ።

«ከአማቴ ጋር?» አለ በላይ፤ አዳራሹ ተንጫጫ። ሳቁ ሲበርድ የግማሹ ቤት እጅ ወጥቶ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ቤት ሲፈልጉ የሰው መዝገብ ተለጥፎባቸው የተከለከሉ አሥራ አንድ ሰዎች ደብዳቤያቸውን አመጡ። አንዳንዱ በሱሪ ኪስ ታጥፎ፣ አንዱ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ። ሁሉም ያለ አንድ ክርክር ትተውት ነበር። ለምን ስላቸው «እነሱ ያውቃሉ ብለን ነዋ» አሉኝ።

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ከግቢው ባለቤቶች ጠበቃ ጋር ተቀመጥን። ጠበቃው የመታወቂያዎቹን ኮፒ አንድ በአንድ ገለጠ። በአራተኛው መነጽሩን አወለቀ፣ በሰባተኛው ገጹን ወደ ኋላ መለሰ።

«እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ነው የተወለዱት?»

«በወረቀት» አለች ናኦሚ። «የቅጹን ሳጥን ባዶ መተው አይቻልም ብሎ ጸሐፊው የሞላላቸው ቀን ነው። ደንበኛችንን የከለከላችኋት በጸሐፊ ልደት ነው።»

ሰውዬው ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን አቆመና የሙሉን ፋይል እንደገና አነበበ፤ ከታች ወደ ላይ ማንበቡን ልብ አልኩ። በነጋታው ደወለ። ባለቤቶቹ ከእንግዲህ በስምና በልደት ቀን ብቻ ሰው አይመልሱም፤ መዝገብ ከተገኘም አስቀድመው ለአመልካቹ አሳይተው መልሱን ይጠብቃሉ። ሳክሲ ያለው ቤትም የሙሉ ነው።

ስምምነቱን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከደስታዬ የተነሣ በጥድፊያ ነው የጻፍኩት። ሙሉ ልትፈርም መጣች፣ እማማ ድንቄ በስልክ ስፒከር ላይ ናቸው። በቢሮው ሕግ መሠረት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። መስመሩን አየች። እኔን አየች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ።

«እትዬ ጽጌ» አለች፣ «እርስዎ ያው...»

ጠበቅኩ። መርዳት አልፈለግሁም።

«አይደለም» አለች። «ይሄ ስህተት ነው። የቤቱ ቁጥር የእኛ አይደለም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይላል፤ እሱ የአሁኑ ቤታችን ነው። አዲሱ መቶ አሥራ ሁለት ነው።»

ከማመልከቻዋ ላይ ስገለብጥ የድሮውን አድራሻ ወስጄ እማማ ድንቄን እንደገና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰቅያቸው ነበር። ተነሥቼ አቀፍኳት። ናኦሚ ምን እንደሆንን አልገባትም፤ ስልኩ ውስጥ እማማ ድንቄ «ምን ሆናችሁ? ተከለከልን?» ይላሉ።

«አልተከለከልንም እማ» አለች ሙሉ። «እትዬ ጽጌን እያረምኳቸው ነው።»

በወሩ የመጨረሻ ቀን በላይና ወንድሙ እማማ ድንቄን ከነወንበራቸው ተሸክመው ለመጨረሻ ጊዜ ደረጃውን አወረዷቸው። ሳክሲ ሲደርሱ በሩ ላይ አስቀምጡኝ አሉ። አንድ የሰፈሩ ፖስተኛ በሣሩ በኩል ሲያልፍ እጁን አነሣላቸው። ትክ ብለው አዩትና ወደ እኔ ዞረው «ለካ ፊት አላቸው» አሉ።

ጡረታ ስወጣ ድግሱን የደገሰችው ሙሉ ናት፤ በዚያው ቤት፣ ያው በጃንዋሪ ዋን። የልደት ቀናችን ነዋ። ኬኩ ላይ ስማችን አልበቃ ስላለ «ለሁላችሁም» ተብሎ ተጻፈ። ሚስ ኦፓል በሰማያዊው ኮታቸው መጥተው ከእማማ ድንቄ ጎን ተቀመጡ፤ አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም፣ ግን ሲሳሳቁ አመሹ። ንግግር አድርጊ ተባልኩ። ተነሣሁና እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

«ሙሉ መጀመሪያ ቢሮዬ የመጣችው ማክሰኞ ቀን ነበር...»

«አይደለም» አለች ሙሉ፣ የሰዉ ሁሉ ሳህን በእጇ እንደያዘች። «ሐሙስ ነበር።»